ከደብረ ብርሃን እስከ ዳርዊን ደሴት፦ መርከብ ላይ እያደሩ ስለመጥለቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። ቢሆንም ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ስለ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ስለመጥለቅ፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ቪዲዮ አይተው ነው የሚመጡት። በመቶ የሚቆጠሩ መዶሻ ራስ ሻርኮች ከላይ ሲያልፉ፣ ጠላቂው ከታች ድንጋይ ጨብጦ ሲመለከት። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። እኛስ መሄድ እንችላለን? ከየት እንጀምር? አደጋው ምንድን ነው?

መልሴ አጭር ነው፦ ይቻላል፣ ግን በቅደም ተከተል። ዝርዝሩ እነሆ። ስለ ከፍታ የጻፍኩትን ክፍል ግን እባካችሁ እንዳትዘሉት። የዳይቪንግ መመሪያዎች የተጻፉት ባብዛኛው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ የምንመለሰው ደጋ ላይ ነው።

መርከብ ላይ ማደር ለምን ያስፈልጋል? ሆቴል አድሮ መጥለቅ አይቻልም?

በብዙ ቦታ ይቻላል። ጠዋት በጀልባ ወጥቶ ማታ ሆቴል መመለስ የተለመደ ነው። ዳርዊንና ዎልፍ የሚባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ግን ሆቴል የላቸውም። ወደብም የላቸውም። ጎብኚ እግሩን የሚያሳርፍበት ዳርቻ እንኳን የላቸውም፤ ከባሕር ቀጥ ብለው የወጡ ገደሎች ናቸው። ስለዚህ የሚበላበትም፣ የሚተኛበትም፣ የአየር ሲሊንደር የሚሞላበትም መርከብ ያስፈልጋል። ጠላቂዎች ላይቭአቦርድ የሚሉት ይህንን ነው።

ጉዞው ባብዛኛው ከ7 እስከ 10 ሌሊት ይወስዳል። የጋላፓጎስ የዳይቪንግ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ 16 እንግዳ ይይዛሉ። ትልቁ መርከብ ከገደሉ ራቅ ብሎ ይቆማል። ወደ መጥለቂያው ቦታ የሚያደርሳችሁ ሞተር ያለው የጎማ ጀልባ ነው።

ደሴቶቹ የት ናቸው?

ጋላፓጎስ የኢኳዶር ግዛት ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወደ ምዕራብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ገብቶ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛል። ዎልፍና ዳርዊን ደግሞ ከዋናዎቹ ደሴቶች ተነጥለው በስተ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ያሉ ትንንሾች ናቸው። መርከቡ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ነው የሚደርሰው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ጋላፓጎስ አንዱ ነበር። በዚያው ዝርዝር ላይ ላሊበላና የሰሜን ተራሮችም አሉ። በዙሪያው ያለው የባሕር ክልል የተጨመረው በ2001 ነው።

ዓሣው ለምን እዚያ በዛ? እሳተ ገሞራው ምን አገባው?

በጣም ያገባዋል። ደሴቶቹ የተፈጠሩት ከውቅያኖሱ ወለል ስር በሚወጣ የቀለጠ ዓለት ነው። ናዝካ የሚባለው የመሬት ቅርፊት ከዚያ ትኩስ ቦታ በላይ ወደ ምሥራቅ ይንሸራተታል። ስለዚህ በምሥራቅ ያሉት ደሴቶች አሮጌ፣ በምዕራብ ያሉት ወጣቶች ናቸው። በምዕራብ ጫፍ ባለው ፈርናንዲና ደሴት ላይ ላ ኩምብሬ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ፈንድቷል።

አሁን ወደ ዓሣው። በጥልቁ ውስጥ ክሮምዌል የሚባል ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። መንገዱ ላይ እነዚህ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ይገጥሙታል። ሲገጥሙት ወደ ላይ ይወጣል። ከጥልቁ ንጥረ ነገር ይዞ ይመጣል። ፀሐይና ንጥረ ነገር ሲገናኙ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ይራባሉ። እነሱን ጥቃቅን እንስሳት ይበላሉ፣ እነሱን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹን ትላልቆች። ከደቡብ ሃምቦልት የሚባል ሌላ ቀዝቃዛ ጅረት ይመጣል። ከሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ሞቃት ውሃ። ለዚህ ነው በአንድ አገር ባሕር ውስጥ ፔንጉዊንም የሞቃት ባሕር ዓሣም የምታዩት።

እኛም የቆምንበት ድንጋይ ከዚህ የራቀ ታሪክ የለውም። የመንዝና የተጉለት አምባ የተነባበረ ላቫ ነው፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዳርዊን ደሴት አጠገብ ስትጠልቁ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ምን ምን ይታያል?

ከሁሉ በፊት መዶሻ ራስ ሻርክ። ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ዓይኖቹ ጫፍና ጫፍ ላይ ናቸው። በጋላፓጎስ የሚታየው ዝርያ ቀን ቀን በመንጋ ይሄዳል። መንጋው በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል። ሌሊት ተበታትኖ ለአደን ይወጣል። ጠዋት ይመለሳል። ለምን እንደሚመለስ ስታዩ ትገረማላችሁ። ቢጫ ትንንሽ ዓሦች ከድንጋዩ ተነስተው ወደ ሻርኩ ይሄዱና ከቆዳው ላይ ጥገኛ ተውሳክ ይለቅሙለታል። ሻርኩ ፍጥነቱን ቀንሶ ይጠብቃቸዋል። ጥሩ አስጎብኚ ቡድኑን የሚያስቀምጠው እንዲህ ያለ ቦታ አጠገብ ነው። ድንጋይ ይዛችሁ፣ ትንፋሻችሁን አረጋግታችሁ ጠብቁ። ብታሳድዱት ይሸሻል። ዝም ካላችሁ ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛው ዌል ሻርክ ነው። ዓሣ ነባሪ አይደለም፤ ዓሣ ነው፤ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ። ጥርሱ ለሰው የሚሆን አይደለም፤ የሚበላው ጥቃቅን ነገር አጣርቶ ነው። ዳርዊን ደሴት የሚመጡት አብዛኞቹ ከ10 ሜትር በላይ የሆኑ ሴቶች ናቸው። ሆዳቸው ተነፍቶ ስለሚታይ ያረገዙ ናቸው ሲባል ቆይቷል፤ ግን አልተረጋገጠም። የት እንደሚወልዱ ግን እስካሁን ሳይንቲስት አላየም። እዚህ ቅርባችን ጅቡቲ የሚመጡት በተቃራኒው ትንንሽ ወንዶች ናቸው፣ ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሜትር። አንድ ዝርያ ነው። ትንንሾቹ ወንዶች እኛ ጎረቤት፣ ትላልቆቹ ሴቶች በሌላው የዓለም ጫፍ ይታያሉ።

ከዚያ ደግሞ የጋላፓጎስ ሻርክ፣ ሐር የሚመስል ቆዳ ያለው ሲልኪ ሻርክ፣ ነጠብጣባም ንስር ሬይ (ክንፍ ያለው የሚመስል ጠፍጣፋ ዓሣ)፣ አረንጓዴ የባሕር ኤሊ፣ ከየስንጥቁ አንገቱን የሚያወጣ እባብ መሰል ዓሣ ሞሬይ ኢል፣ ፀሐይ የሚጋርድ የዓሣ መንጋ፣ ዶልፊን። በምዕራቡ በኩል ኢዛቤላ ደሴት ዙሪያ ደግሞ እንደ ሰሐን የተስተካከለ ግዙፉ ሞላ ዓሣ፣ መብረር የማይችለው ወፍ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ አልጌ የሚግጠው ኢጉዋና የሚባል እንሽላሊት አሉ። ኢጉዋና ውሃ ውስጥ ሲግጥ ማየት ሌላ የትም አይገኝም።

ብዛቱን በቁጥር ልግለጽ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ዳርዊንና ዎልፍ ዙሪያ በአንድ ሄክታር በአማካይ 17.5 ቶን ዓሣ ተገኝቷል። ከዚያ ውስጥ 12.4 ቶኑ ሻርክ ነው። ሄክታር ስንት እንደሆነ ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ያን የሚያህል መሬት ላይ 12 ቶን ሻርክ አስቡት።

ቪዲዮ ላይ ያየሁት የድንጋይ ቅስት አሁንም አለ?

የለም። የዳርዊን ቅስት እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2021 ተደርምሷል። ሁለት ዓምዶች ቀርተዋል። ከስሩ ያለው የመጥለቂያ ቦታ ግን አሁንም ያው ነው።

ሻርክ አይበላንም?

ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ውይይቱ አልተጀመረም ማለት ነው። መዶሻ ራስ ሻርክ ፈሪ ነው። የጠላቂው የአየር አረፋ ራሱ ያባርረዋል። በመላው ዓለም ሳይተነኮስ በሻርክ ተነክሶ የሚሞት ሰው በአማካይ በዓመት ከ10 በታች ነው። ዋናተኛና በሰሌዳ ሞገድ የሚጋልብ ሰው ይበዛበታል፤ ጠላቂ ጥቂት ነው።

እኔ የምፈራው ጅረቱን ነው። እናንተም እሱን ፍሩ።

ጅረቱ ያን ያህል ከባድ ነው?

አዎ። ዳርዊንና ዎልፍ ላይ ውሃው አንዳንዴ ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን መስተዋት) ከፊት እስኪነቅል ይገፋል። አንዳንዴ ወደ ጎን፣ አንዳንዴ ወደ ታች። ለዚህ ነው ጠላቂዎች ጓንት አድርገው ድንጋይ የሚይዙት። ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ፣ አስጎብኚው ሲቆጥር ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተገልብጣችሁ ትገባላችሁ። ላይ ላይ መዘግየት የለም። የዘገየ ሰው ቡድኑን ያጣል።

ብትነጠሉስ? ለአንድ ደቂቃ ዙሪያችሁን ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በፊት ረጅሙን ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ምልክት ንፉና ወደ ላይ ልቀቁ። የጎማ ጀልባው እሱን አይቶ ይመጣል። ምልክቱን፣ ፊሽካውንና የእጅ ባትሪውን የማይዝ ሰው እዚያ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ብዙ መርከቦች በሳተላይት ቦታ የሚያሳውቅ መሣሪያም ለያንዳንዱ ጠላቂ ይሰጣሉ። ካልሰጡ ጠይቁ።

ዋና አልችልም። ልጀምር እችላለሁ?

ዋና ተማሩ፣ ከዚያ ጀምሩ። የመጀመሪያው የጠላቂነት ኮርስ 200 ሜትር ሳትቆሙ እንድትዋኙና 10 ደቂቃ እንድትንሳፈፉ ይጠይቃል። ፍጥነት አይታይም። ገንዳ ውስጥ ተማሩት። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ ሰው አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ ወርዶ መማር ይችላል። ቆላ ላይ ያላችሁ፣ ወንዝ ቅርብ ነው ብላችሁ እሱ ውስጥ አትለማመዱ። ቢልሃርዚያ አለ፤ በክረምት ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ አለ።

ዳይቪንጉንስ የት ልማር?

ቅርቡ ጅቡቲ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በባቡርም ይኬዳል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይመጣል። እሱን ለማየት መጥለቅ እንኳን አያስፈልግም፤ ማስክና የመዋኛ ክንፍ ይበቃል። ከጅቡቲ የሚነሱ ላይቭአቦርድ መርከቦችም አሉ፤ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ወዳሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ይሄዳሉ። እነዚህም የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ናቸው፤ ጅረታቸውም ቀላል አይደለም። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ በወቅቱ አጣሩ። የቀይ ባሕር ደቡብ መግቢያ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ሰላም ርቆት ቆይቷል።

ሌላው ግብፅ ነው። ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ ላይ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ በውድድሩ ምክንያት ዋጋውም ይቀንሳል። ኬንያና ዛንዚባርም ጥሩ አማራጭ ናቸው።

ኮርሱ ጨርሼ በቀጥታ ጋላፓጎስ ብሄድስ?

አትሂዱ። እዚህ ላይ ጠንከር ማለት አለብኝ። የመጀመሪያው ፈቃድ እስከ 18 ሜትር ያስገባል። ሁለተኛው እስከ 30 ሜትር። አብዛኞቹ የጋላፓጎስ መርከቦች ሁለተኛውን ፈቃድና ቢያንስ 50 የተመዘገበ ዳይቭ ይጠይቃሉ። ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። 50ውም በረጋ ውሃ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ቢያንስ የተወሰኑት ጅረት ያለበት ቦታ ይሁኑ። ውሃ ውስጥ ሳትወጡ ሳትወርዱ መንሳፈፍ፣ አየር መቆጠብ፣ ማስክ ሲሞላ ሳይደናገጡ ማስወጣት፣ እነዚህ ሳታስቡ የምትሠሯቸው ሲሆኑ ጊዜው ደርሷል።

ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት በመኪና ወርዳችሁ ታውቃላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል። ውሃ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፣ በጣም በፍጥነት። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር እስከ ሮቢት ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ሁሉ ተደምሮ 2 ሜትር ውሃ አያህልም። እናንተ 25 ሜትር ልትወርዱ ነው።

ስለዚህ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ገና ከላይ ይጀመራል፤ በየሜትሩም ይደገማል። ካመማችሁ ትንሽ ውጡና እንደገና ሞክሩ። ጉንፋን ካለባችሁ ያን ቀን አትጥለቁ። የከፈላችሁት ገንዘብ ቢያሳዝናችሁም አትጥለቁ።

ደጋ ስለምንኖር ተጨማሪ አደጋ አለ?

አለ፤ ግን ስትሄዱ አይደለም። ስትመለሱ ነው።

በግፊት ስር ስትተነፍሱ ናይትሮጂን ወደ ደማችሁና ወደ ሰውነታችሁ ይገባል። ቀስ ብላችሁ ስትወጡ በሳንባ ይወጣል። ሁሉም ግን ወዲያው አይወጣም፤ ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ መሃል የአየሩ ግፊት ከቀነሰ የቀረው ናይትሮጂን አረፋ ሊሠራ ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ከልክ ያለፈ ድካም ያመጣል። ከባድ ሲሆን ሽባ ያደርጋል።

ከዳይቪንግ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን አትሳፈሩ የሚባለው ለዚህ ነው። የተለመደው መመሪያ ከአንድ ዳይቭ በኋላ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ከተደጋገመ በኋላ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል። ብዙ መርከቦች 24 ሰዓት ያደርጉታል። ይህ መመሪያ የታሰበው ግን የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል በሚል ነው። አሁን አስቡት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ማለትም ቤታችን ያለው አየር ከአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ይበልጥ የሳሳ ነው። ከአውሮፕላን ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ይወረዳል፤ ቤታችን ግን እንኖራለን።

ከጋላፓጎስ ስትመለሱ ችግሩ ያን ያህል አይጠናም። መርከቦቹ ከመመለሻው አንድ ቀን አስቀድመው ዳይቭ ያቆማሉ፤ ከዚያ ረጅም በረራ አለ፤ ደብረ ብርሃን እስክትደርሱ ቀናት ያልፋሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ወደ ዋናው ምድር ስትመለሱ ወደ ኪቶ ወይም ወደ ጓያኪል መብረር ትችላላችሁ። ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ናት፤ የደብረ ብርሃን እኩያ ማለት ነው። ጓያኪል ዝቅ ብላ ከባሕር ወለል አጠገብ ናት። ጓያኪልን ምረጡ።

የሚያሰጋው ጅቡቲ ነው። ጠዋት ጠልቆ፣ ከሰዓት በረራ ይዞ፣ ማታ ደብረ ብርሃን ቤቱ የሚገባ ሰው ራሱን አደጋ ላይ ጥሏል። በመኪና ወይም በባቡር ብመለስስ ትሉኛላችሁ። ሰውነት የሚያውቀው ግፊቱን እንጂ መጓጓዣውን አይደለም። እኔ የምመክረው ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ ጅቡቲ ላይ ሙሉ 24 ሰዓት ቆይታችሁ አዲስ አበባ እንድትገቡ፣ እዚያም አንድ ሌሊት አድራችሁ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መንዝ ወይም ወደ ጣርማ በር እንድትወጡ ነው። ሮቢት ወይም አጣዬ የምትኖሩም መንገዳችሁ በጣርማ በር ከሆነ ይህ ይመለከታችኋል።

ደጋ ተወልዶ ማደግ ለትንፋሽ ይረዳ ይሆናል። ከናይትሮጂን ግን አያድንም። ምልክት ካያችሁ ንጹሕ ኦክስጅን፣ ከዚያ ሐኪም። ጊዜ አትስጡት።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው?

አይደለም። ተጣርቶ የታመቀ ተራ አየር ነው። በላይቭአቦርድ ላይ ብዙ ሰው ናይትሮክስ ይጠቀማል፤ 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር ማለት ነው። ናይትሮጂኑ ስለሚቀንስ ለቀናት ለሚደጋግም ሰው ይጠቅማል። ገደብ አለው፤ ከ34 ሜትር በታች ይህ ድብልቅ ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። ኮርሱ አጭር ነው፤ ውሰዱት።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለምደናል። ውሃው ይበርደናል?

ይበርዳችኋል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። ዳርዊንና ዎልፍ ላይ ውሃው ባብዛኛው ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ነው። በምዕራቡ በኩል እስከ 16 ዲግሪ ይወርዳል። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ስትገቡ ብርዱ ይጠራቀማል። 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት (የጠላቂ የጎማ ልብስ)፣ የራስ መሸፈኛ፣ ጓንት ያዙ። ከውሃ ስትወጡ የምትለብሱት ወፍራም ጃኬት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ዌል ሻርክ ከፈለጋችሁ ከሰኔ እስከ ኅዳር። እኛ ጋ ክረምትና ጥቢ ሲሆን ማለት ነው። ያኔ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ባሕሩ የሚናወጥ፣ ሰማዩ ደመናማ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ውሃው ሞቅ ይላል፣ ባሕሩም ይረጋል። መዶሻ ራስ ሻርክ ዓመቱን ሙሉ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የሚያጥወለውለው ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጥ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ፤ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም።

አንድ ቀን መርከብ ላይ እንዴት ይውላል?

ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትነሳላችሁ። ቡና፣ ገለጻ፣ ዳይቭ። ቁርስ፣ እረፍት፣ ዳይቭ። ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ዳይቭ። አንዳንዴ አንድ ይጨመራል። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ብዙ የሚያመሽ ሰው የለም። አልኮል ከቀኑ የመጨረሻ ዳይቭ በኋላ ብቻ ይፈቀዳል፤ ባትጠጡ ደግሞ ይሻላል፣ ሰውነት ያደርቃል። ስልክ ኔትወርክ የለም ብላችሁ ቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰዓቱም ከእኛ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ጾም ላይ ብሆንስ?

ስትመዘገቡ ንገሯቸው። የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ እንግዳ ብርቅ አይደለም፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ አትክልት ይሠራሉ። ዓሣ እንደማትበሉ ለይታችሁ ንገሩ፣ ካልሆነ ያቀርቡላችኋል። ከባዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ነው። ውሃ ሳይጠጡ መጥለቅ ለናይትሮጂኑ በሽታ ያጋልጣል። ስለዚህ ጉዞውን ከዐቢይ ጾምና ከፍልሰታ ውጭ አድርጉት። ረመዳን የምትጾሙም እንደዚሁ።

ምን ያህል ያስወጣል?

ኪስ ይጎዳል፤ አልዋሽም። የአንድ ሳምንት የጋላፓጎስ ላይቭአቦርድ ብዙውን ጊዜ ከ6,000 ዶላር በላይ ነው። የፓርኩ መግቢያ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ለውጭ አዋቂ ጎብኚ 200 ዶላር ሆኗል። በረራ፣ ኢንሹራንስ፣ የናይትሮክስና የመሣሪያ ኪራይ፣ ለሠራተኞች ጉርሻ በላዩ ይደመራል። ለዚህ ነው ጅቡቲንና ግብፅን አስቀድሙ የምለው። ገንዘቡን ስታጠራቅሙ ችሎታውም አብሮ ይጠራቀማል።

ቪዛስ?

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኢኳዶር ቪዛ ያስፈልገዋል። ጣጣው እሱ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ሼንገን አገሮች በኩል ለማለፍ ከኤርፖርት ባትወጡም የትራንዚት ቪዛ ትጠየቃላችሁ። ሌላ መንገድ ስትመርጡም የየአገሩን የትራንዚት ሕግ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። መርከቡን ከመክፈላችሁ በፊት ቪዛው ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልሆነ ስረዛ ሲኖር ምን ያህል እንደሚመለስ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥሩ መርከብ በምን ይታወቃል?

በምግቡና በአልጋው አትመዝኑ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የዳይቪንግ መርከብ ሌሊት ተቃጥሎ 34 ሰው ሞቷል፤ ሁሉም ከታች ተኝተው ነበር። በ2024 ቀይ ባሕር ላይ ግብፅ ውስጥ ሌላ መርከብ ሰጥሞ ሰው አልቋል። ስለዚህ እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ? ከመኝታ ክፍሉ ስንት መውጫ አለ? የካሜራ ባትሪ የት ነው ቻርጅ የሚደረገው? ኦክስጅን ለስንት ሰዓት ይበቃል? እንደገባችሁ መውጫዎቹን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። የሕይወት ጃኬቱን ልበሱና ሞክሩት። ዳርዊን ደሴት ላይ ከታመማችሁ ሐኪም ያለበት ቦታ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዳይቪንግንና የድንገተኛ ማጓጓዣን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳይኖር መሳፈር አይገባም።

ማን መጥለቅ የለበትም?

ነፍሰ ጡር። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይግባ። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ሴት ወንድ የሚባል ነገርም የለም።

ከጋላፓጎስ ሌላ ተመሳሳይ ቦታ አለ?

አለ። የሜክሲኮው ሬቪላሂሄዶ፣ ማንታ ሬይ ራሱ ወደ ሰው የሚቀርብበት ነው፤ ከካቦ ሳን ሉካስ አንድ ቀን ያህል በመርከብ ይኬዳል። የኮስታ ሪካው ኮኮስ ደሴት፣ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ውስጥ፣ 36 ሰዓት ያህል ጉዞ። የኮሎምቢያው ማልፔሎ። ሦስቱም የእሳተ ገሞራ ናቸው፣ ሦስቱም መርከብ ላይ ማደር ይጠይቃሉ። እኔ ለጀማሪ የሬቪላሂሄዶን ማንታዎች አስቀድማለሁ፤ ጅረቱ እዚያም አለ፣ ግን ቦታው እንደ ዳርዊን አያስጨንቅም።

ሻርኮቹ እያለቁ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መዶሻ ራስ ሻርኩ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል። ምክንያቱ ክንፉ ነው፤ ለሾርባ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በጋላፓጎስ ክልል ውስጥ የተያዘ አንድ የቻይና መርከብ ሆዱ ውስጥ ከ6,000 በላይ ሻርኮች ተገኝተዋል። ኢኳዶር የጋላፓጎስን ባሕር በ1998 ነው የከለለችው። በ2016 ዳርዊንና ዎልፍ ዙሪያ ምንም ዓሣ እንዳይጠመድ ከለከለች። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ሄርማንዳድ የሚባል 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጨመረች፤ ሻርኮቹ ወደ ኮኮስ የሚሄዱበት መንገድ ነው።

የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጓሳን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ዘግቶ ሣሩን የጠበቀ ሕዝብ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚያ ያሉት በዚሁ ነው። መርከብ ስትመርጡ ለጥበቃው የሚያዋጣውን፣ ዓሣ የማይመግበውን፣ እንስሳ የማያስነካውን ምረጡ። እናንተም ሁለት ሜትር ራቁ። ፍላሽ ዓይን ላይ አታብሩ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ሆኜ ምን ልጀምር?

ፓስፖርት አውጡ። ዋና ተመዝገቡ። ጆሮና ሳንባችሁን ሐኪም ይይላችሁ። በየቀኑ ዳገት ውጡ፤ እግርና ትንፋሽ ይጠነክራል። ከዚያ ለኅዳር ጅቡቲ ቀጠሮ ያዙ። ማስክ ግን እዚያ ደርሳችሁ አትከራዩ፤ ፊታችሁ ላይ ለክታችሁ የራሳችሁን ግዙ።